ቀንድ ያለበት ግድግዳ

ፊቷ ሲሳል ኛፑዎት አልፈራችም። እንዲያውም ሳቀች። ቤዛ ሸራውን አዙራ ስታሳያት የተሳለው አፍንጫ ላይ ጣቷን ቀስራ «ይሄ ከእኔ ይበልጣል» አለች። ቤዛም «ያንቺው ነው እትዬ፣ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም» አለቻት። ፍርሃቱ የመጣው ፊቷ አልቆ ከጀርባዋ ያለው ነገር መሞላት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ደጃፏ ላይ ያለው ጎባጣ የኒም ዛፍ መጣ። ቀጥሎ ጎኑ የተሰረጎደው ሰማያዊ የውሃ በርሜል። ከዚያ ግድግዳው ራሱ፣ ኛፑዎት በገዛ ጣቶቿ የሳለችው፣ ጥቁርና ነጭ የበሬ ቀንዶች በሁለት ረድፍ የተሰለፉበት፣ በመካከላቸው የዓሣ አጥንት የሚመስል መስመር የሚያልፍበት። የቀረ ነገር የለም። ያንን ሥዕል ይዞ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር የገባ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ደጇ ላይ ይቆማል።

ሁለቱም ሠዓሊዎች ናቸው። ቤዛ ከደጋው ቡና አገር ከመቲ የመጣች፣ ከተማው ውስጥ ሥዕል የምታስተምር፣ ዲፕሎማዋን ግድግዳ ላይ የሰቀለች ወጣት ናት። ኛፑዎት የምትስለው ግድግዳውን ራሱን ነው። የድስት ጥላሸት፣ አመድ፣ ከባሮ ዳር የሚቆፈር ቀይ አፈርና አሥር ጣቶች፣ ዕቃዋ ይኸው ነው። የተገናኙት ኛፑዎት የአንድ ሆቴል ጎጆዎችን ስታስጌጥ ሲሆን፣ ቤዛ ለምሳ ገብታ ምሳዋን ረስታ ስታያት ዋለች። ከዚያ ወዲህ «ቤትሽ ውስጥ፣ ከግድግዳሽ ፊት ተቀምጠሽ ልሳልሽ» እያለች ስትለማመጣት ከረመች። ኛፑዎት እምቢ ማለት ነበረባት። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሠዓሊ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲያሞግሱት ደግሞ ጥንቃቄው ይላላል። እሺ አለች።

እምቢ ማለት የነበረባት ስለ ኛዋል ነው። ኛዋል ብቸኛ ልጇ ናት፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ቁመቷ የእናቷን ትከሻ ያለፈ። አባቷ ኳች ከድንበሩ ማዶ ታሞ ሲሞት ወንድሙ ጂያት እንደ ወጉ ቤተሰቡን ተረከበ። ኛፑዎት ይህን አልጠላችም፤ ለእሷ ከብት መከፈሉንም ክዳ አታውቅም። ጂያት ግን ልጅቷ የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ከአንድ ባለ ብዙ ከብት ሽማግሌ ጋር ስለ ጥሎሿ መነጋገር ጀመረ። እናት ይህን የሰማች ዕለት ውሃ ልትቀዳ የምትሄድ መስላ ልጇን አዝላ ወጣች። ወጥታ ቀረች።

ጋምቤላ ከገባች በኋላ ዘመድ አልፈለገችም። ከማዶ የመጣ ሰው ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትቀመጠው በር አጠገብ፣ የኋላው አግዳሚ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ መተው አቃታት፣ እናቷ ያስተማረቻትን ቀንድ። ጣቷ ጥላሸት በነካ ቁጥር ወደዚያው ይሄዳል። ያንኑ ቀንድ በጂያት ግቢ ግድግዳ ላይም ሥላ ነበር።

ግድግዳዋ በሸራው ላይ የተሞላ ቀን ልትነግራት ፈልጋ ተወችው። የሰው ድካም ማበላሸት ከበዳት። ሥዕሉም አምሮ ነበር፤ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ነገ እነግራታለሁ ብላ አደረች። በነጋታው ቤዛ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። ሥዕሉን ሳያልቅ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። ገጿ ላይ የራሷ ፎቶ የለም፤ ያለው ሥዕል ብቻ ነው።

«እዪ፣ ስንት ሰው እንደወደደሽ። በእናንተ ቋንቋም የጻፉ አሉ። ይሄ ምን ይላል?»

ኛፑዎት በቤተ ክርስቲያን በኑዌር ቋንቋ ማንበብ ተምራለች። ጎንበስ ብላ አነበበች። «ይህን ግድግዳ አውቀዋለሁ። የት ነው ያለው?» ይላል። ከላዩ የጂያት ስም አለ። ከሥሩ የቤዛ መልስ አለ። ቤዛ የጻፈላትን ሁሉ አድናቂ አድርጋ ስለወሰደች ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነበር የሰጠችው፤ አመሰግናለሁ፣ ጋምቤላ ኒውላንድ ነው የተሳለው።

ኛፑዎት ዱካዋን ስባ ተቀመጠች።

«የባሌ ወንድም ነው» አለች። «ኛዋልን ይፈልጋል። ሰጥቶ ከብት ይወስዳል።»

ሌላውንም ነገረቻት፤ አማርኛዋ ባጠረበት ቦታ እጇ እየሞላላት። ቤዛ አመድ መሰለች። የለጠፈችውን ወዲያው አጠፋችው፤ ግን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል፣ ጂያትም አይቶታል። ነጩን ቀለም አንስታ ሸራው ላይ ያለውን ግድግዳ ልትደመስስ እጇን ስትዘረጋ ኛፑዎት አንጓዋን ያዘቻት።

«ሥዕሉ ምን አጠፋ? እሱ አይቶ ጨረሰ። አሁን የሚጠፋው ቤቱ ነው።»

ቤዛ ልጅቷን መቲ እናቴ ጋ እንውሰዳት አለች። እንዳይወስዷት ሰሞኑን መንገዱ ላይ ተኩስ ተሰምቶ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና ቆሟል። ፖሊስ ጋ እንሂድ አለች። ኛፑዎት ራሷን ነቀነቀች፤ ፖሊስ ለሽማግሌ ይመራዋል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ስለ ከብት ያወራል፣ ስለ ከብት ሲወራ ደግሞ የእናት ቃል ሚዛን አይደፋም። የቀረው ጭቃ ነበር።

በጋምቤላ ቤት የሚመረገው በበጋ ነው። በክረምት ጭቃ አይደርቅም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ኛፑዎትም ታውቃለች፤ ብታውቅስ ምን ምርጫ አላት? ጉድጓዱን ቆፍራ ውሃ ሞላችበት፣ ሣር ከታትፋ ጨመረችበት፣ ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት። ቤዛ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ስትረግጥ ሁለቴ ወደቀች። ማንም አልሳቀባትም። ኛዋል በርሜሉን እያንከባለለች ወደ ጓሮ ወሰደችው። የኒሙን ጎባጣ ግንድ ጎረቤታቸው ኛዌች ምንም ሳትጠይቅ መጥረቢያዋን ይዛ መጥታ ቆረጠችላቸው። ኛዌች የሆነ ነገር ገብቷታል፤ እዚያ ሰፈር ከአንድ ነገር ሸሽቶ ያልመጣ ሰው ጥቂት ነው።

ኛፑዎት ቀንዶቹን ራሷ ሸፈነቻቸው። ጭቃውን በመዳፏ እየዳመጠች ከጥግ ጀመረች፤ አንዱ ቀንድ ሲጠፋ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። ስትጨርስ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ባዶ ግድግዳ ደግሞ የባሰ ነው፤ እዩኝ ተደብቄያለሁ ይላል። ጥላሸቱን አምጥታ ጣቷን ነከረችና ወደ ጭቃው ሰደደችው። ጣቷ ቆልመም ብሎ ሽቅብ ወጣ። ቀንድ ነው። ደመሰሰችው። አበባ ልትሥል ሞከረች፤ አበባውም ጫፉ ላይ ተቆለመመ። እጇ ሌላ ነገር አያውቅም። ጂያትም ይህን እጅ ያውቀዋል።

ጥላሸቱን ለቤዛ አቀበለቻት።

«አንቺ ሳዪ። ያንቺ እጅ ይሁን።»

ቤዛ የመቲ ልጅ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና የምትሥለው ነገር አንድ ነው። ቡና ሣለች። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው የቡና ቅርንጫፍ፣ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ ፍሬ። ኛፑዎት ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ቤቷ የሌላ ሰው ቤት ሲሆን ተመለከተች። ለሳምንታት ተቀምጣ የተሣለችው እሷ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ቤቷ ተራውን ያዘ። አያምርም አትልም፣ ያምራል። ግን በሩን ከፍታ ለመግባት አፈረች፤ ማንኳኳት ያለባት መሰላት።

ጂያት የመጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ያየችው ኛዋል ናት፤ ከጓሮ ሮጣ ገብታ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ኛፑዎት በሩን ቀርቅራ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ትንሽ ሸብቷል። በምላጭ የተበጡት የግንባሩ መስመሮች ያው ናቸው፣ ረጋ ብሎ የሚራመደውም ያው። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይመጣል። ስልኩን ያያል፣ ቤቱን ያያል፣ ያልፋል። 

ውጭ ያለችው ቤዛ ብቻ ናት። የቀሩትን ፍሬዎች ቀይ እየቀባች ነበር።

ጂያት ቆመና ስልኩን አሳይቷት በሰባራ አማርኛ ጠየቃት።

«ይሄ ቤት የት ነው?»

«አላውቅም» አለች ቤዛ።

«ይሄስ የማን ቤት?» በዱላው ቡናውን አመለከተ።

«የእኔ።»

ጂያት አላለፈም። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መዳፉን አሳረፈበት። ሲያነሣው ጭቃው ተከትሎት መጣ። ኛፑዎት ከውስጥ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የእጁን ጥላ በቀዳዳው አየች። የልጇን አፍ በመዳፏ ይዛ ነበር፤ ምን ያህል አጥብቃ እንደያዘቻት አላወቀችም።

«በዝናብ ቤት ይመረጋል?» አለ ጂያት።

ሁሉም ነገር እዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ለዚህ መልስ የለውም። ቤዛ ግን ብሩሿን ሳታስቀምጥ እውነቱን ተናገረች።

«እኔ የደጋ ሰው ነኝ። አላወቅኩም።»

ጂያት ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ጭቃ የጠጣውን ቀሚሷን፣ የተላላጡ እግሮቿን። ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ምንም የማያውቅ እንግዳ ያየ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። እጁን የተቆረጠው የኒም ግንድ ላይ ጠረገ።

«ይወድቃል» አላት። «ዝናብ ሲመጣ ይወድቃል።» ይህን ብሎ ወደ ኛዌች ቤት አለፈ።

ኛዌች ስልኩን አይታ የወንዙን ማዶ እንዳመለከተችው ኋላ ሰሙ። ቤዛ ወደ ውስጥ ገብታ መሬት ላይ ተዘረጋች። ኛፑዎት መዳፏን ከልጇ አፍ ስታነሣ የጣቶቿ ምልክት ጉንጯ ላይ ቀርቶ አየች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሥዕሉን አልጋው ሥር፣ ፊቱን ወደ መሬት አድርገው አስቀመጡት። ቀንዶቹ አሁን ያሉት እዚያ ብቻ ነው።

ቢሄድ ጥሩ ነበር። አልሄደም። ገበያው አካባቢ አንድ ዘመድ ቤት አርፏል፣ ሳላገኛቸው አልመለስም ብሏል አለች ኛዌች። ወደ ደጋ የሚወስደው መንገድም አልተከፈተም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ዝናቡ መጣ፤ የጂያት ቃል እንደ ዝናቡ ሰዓቱን ጠበቀ። ቤዛ ሥራ ላይ ናት። ኛፑዎት ከውስጥ ጧ ሲል ሰማችና ወጣች። ከበሩ በስተግራ ጭቃው ከነቡናው ተገምሶ ወድቋል፤ ከሥሩ የአንድ ቀንድ ጫፍ፣ ጥቁር፣ ምንም ሳይሆን፣ ብቅ ብሏል። አንድ ልቧ እንኳን ደህና መጣህ አለው። ሌላው ልቧ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ። ሰው የለም፤ ዝናቡ ግን እያባራ ነው፣ ሲያባራ ሰው ይወጣል።

ጭቃ አመጣች። መረገችው። ቤዛ የተወችውን ቀለም ከፍታ ጣቷን ነከረች፤ ቅርንጫፉን ካቆመበት መቀጠል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቀስ ብላ ሣበችው። ኛዋል ከኋላዋ ቆማ ታያለች።

«እማ፣ ቀንድ ነው።»

ኛፑዎት ደመሰሰችው። ትንፋሿን ውጣ፣ ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ፣ ጣቷ የእሷ እንዳልሆነ አድርጋ እንደገና ሣበችው። ዝናቡ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ቤት በር ሲከፈት ተሰማ።

«አሁንስ?» አለች ሳትዞር።

ኛዋል አንገቷን አዘነበለች። ለመዋሸት ፈልጋ ነበር።

«ትንሽ ቀንድ ነው።»

ኛፑዎት መዳፏን ጭቃው ውስጥ ነከረችና መስመሩን እንደገና አጠፋችው።