መሬቱ ሲሰነጠቅ ማንን እንጥራ

አባቴ ስልክ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን፣ ልብስ ሳጥብ ቁጥራቸውን ባየሁ ጊዜ እጄን እንኳ ሳላደርቅ አነሣሁትና ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማንም አልሞተም አሉኝ። ከቤታችን በላይ ያለው የገብስ ማሳ ግን ተሰንጥቋል፤ መቋሚያቸውን ቢሰዱበት እስከ እጀታው ገባ። ዝናቡ ሲያባራ መልሶ ይገጥማል ባይ ናቸው። የደወሉትም እህቴ ንገሯት ብላ ስለወተወተቻቸው እንጂ እሳቸው ፈርተው አልነበረም።

እኔ ፈራሁ። የተወለድኩባት መንደር በአንኮበር በኩል፣ ከገደሉ ሥር እንደ መደርደሪያ ወጣ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ነው ያለችው። ከላይ ገደል፣ ከታች ሸለቆ። እናቴ ካረፉ ወዲህ አባቴ ከታናሽ እህቴ፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ ጉብታ ላይ ያለውን ደብር አገልግለዋል። በክረምት ድንጋይ መውረዱን ከልጅነቴ አውቃለሁ። መሬት ሲሰነጠቅ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ሄድኩ። ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ በላይ አያሳይም ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ ቁልቁል ስደርስ እህቴ መጀመሪያ ያሳየችኝ ስንጥቁን ሳይሆን የቤቷን በር ነው። መቃኑ ጠምሞ በሩ አልገጥም ብሏል። የምንጠጣው ምንጭ ለጥቂት ቀን ቀላ፣ ከዚያ ደረቀ፤ ውሃው አሁን ከባቄላው ማሳ መሃል ይፈልቃል። ወደ ላይ ወጥተን ማሳውን አየነው። ስንጥቁ ቀጥ ያለ መስመር አልነበረም። እንደ ማጭድ ጎብጦ ከዳር እስከ ዳር ቤቶቹን በሙሉ ከበላይ ከቧቸዋል። ባሕር ዛፎቹ አንድ ሰው የገፋቸው ይመስል ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ አዘንብለዋል። እህቴ ፊቴን ታየኝ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር እዚያው አገኘን። ገበሬ ነው፤ ከእኔ በታች ያደገ፣ ቤቱም ከስንጥቁ ውጭ ያለ ሰው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየመጣ ስንጥቁን በእንጨት እየለካ ነበር። ሰዉን ውጡ ብሎታል። ሰዉም ከብታችንን ይዘን የት እንግባ ብሎ ጠይቆታል። ክፍት የሆነ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ግቢው ሰፊና አጥር ያለው ትምህርት ቤት፣ ለክረምት የተዘጋ። ትምህርት ቤቱ ግን የቀበሌው አይደለም። ከገደሉ በላይ ያለው ሜዳ ደግሞ ከወሰኑ ማዶ፣ የሌላ ወረዳ ግጦሽ ነው። ለወረዳው አስታውቆ፣ ከክልል ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ጠብቁ ተብሏል።

"ሰው ከቤቱ ማስወጣት እችላለሁ" አለኝ። "የማስገባበት ግን የለኝም።"

ሰኞ ወደ ወረዳው ከተማ ሄድኩ። የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ ወጣት ናት፤ ወንበር ሰጥታ በትዕግሥት አስረዳችኝ። በእጇ ያለው ጥቂት ሸራና ካለፈው ዓመት የተረፈ ዱቄት ነው። ቦታው አደገኛ ነው ብሎ የሚወስን የመሬት ባለሙያ ወረዳው የለውም፣ ዞኑም የለውም። ያለው ክልሉ ነው። ጥያቄያቸው በዞኑ በኩል ባሕር ዳር ከሄደ ሰንብቷል። በዚያ ክረምት ግን መሬት የከዳው የእኛን መንደር ብቻ አልነበረም፤ መንገዱም አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ዝናብ ሲጥል እሷም እንቅልፍ እንደማይወስዳት ነገረችኝ። አመንኳት፤ ማመኔ ግን ፍርሃቴን አባሰው። ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው ባገኝ የምቆጣው አገኝ ነበር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የዜግነት ትምህርት መምህርት ነኝ። ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልኩ ሣጥን በሣጥን ላይ አድርጌ ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬአለሁ። ክልሉ ሕግ ያወጣል። ወረዳው የራሱ ምክር ቤትና የራሱ በጀት አለው። ዞኑ በሁለቱ መካከል ያለ የክልሉ ክንድ ነው። ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። ያን ሳምንት ግን ሣጥኖቹ ለእኔ ሣጥን መሆናቸው ቀረ። እያንዳንዱ በር ሆነ፤ የትኛው በር የሚከፈት፣ የትኛው የሚዘጋ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ የሰማሁት ሁሉ ዝናብ ነው። ቆርቆሮዬ ላይ ሲወርድ ኔትወርክ ካለ እደውላለሁ፤ ኔትወርክ ከሌለ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እህቴ ስታነሣ ስለ ሌላ ነገር ታወራኛለች፤ ስለ ድንች፣ ስለ ልጇ ጉንፋን። ከኋላዋ አባቴ ሲያስሉ ስሰማ እተነፍሳለሁ።

በመጨረሻ ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ቀደም ሲል በሁለት ወረዳዎች የሠራ። ነገሩን ሁሉ ያውቀዋል። ባሕር ዳርም እኔ ፊት ደወለ፤ ባለሙያዎቹ በሌላ ዞን ናቸው፣ መንገድ እንደተከፈተ ይመጣሉ አሉት። ስልኩን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

"የላካችሁት ጥያቄ ሁለት ነው፤ እናንተ ግን አንድ አድርጋችሁታል" አለኝ። "ሰዉ ለዘለቄታው የት ይስፈር የሚለው የክልሉ ነው። መሬቱ ያለው ሌላ ወረዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁለት ወረዳ ላይ መወሰን የሚችለው ከሁለቱም በላይ ያለ ነው። ባለሙያውም የእነሱ ነው። ለዚህ ክረምት የሚያርፉበት ጣሪያ ግን የወረዳው ነው። ትምህርት ቤቱ የማን ነው?"

"የወረዳው" አልኩት።

"እንግዲያው ለዚህ ባሕር ዳርን መጠበቅ የለባችሁም።"

ለምን እስካሁን ማንም ይህን እንዳላለን ጠየቅሁት። ወረዳው ጥያቄውን ወደ ላይ ከላከ በኋላ እጁ ላይ የቀረ ነገር ያለ አይመስለውም አለኝ። እሱ ራሱ ለወረዳው አስተዳዳሪ ደውሎ ሊመክር እንደሚችል፣ ምክር ቤት ያላቸው ግን እነሱ ስለሆኑ ውሳኔው የእነሱ መሆኑን አስረዳኝ። ያስተማርኩት ነገር ነው፤ ሌላ ሰው እስኪለየው ድረስ ግን በዚያ ስንጥቅ ላይ አልታየኝም።

ቅዳሜ ውሎውን ሁሉ ዘነበ። እሑድ ማለዳ ደረስኩ። ስንጥቁ አሁን ጥጃ ይውጣል። ቅዳሴ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ሰዉን ከደጀ ሰላሙ ፊት አቆመው። የዞኑ ሰው ያለኝን አስቀድሜ ነግሬው ነበር፤ ስለ መሬት እንዳታነሣ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ብቻ ጠይቅ አልኩት። ኔትወርክ የሚገኘው በሩ አጠገብ ስለሆነ እዚያ ቆሞ ለወረዳው ዋና አስተዳዳሪ ደወለና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

"ክቡር አስተዳዳሪ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ነው" አለ። "ስለ አዲስ ሰፈር አይደለም። የትምህርት ቤቱን በር ልክፈት ወይስ አልክፈት? ከብቱም ይገባል።"

አንዲት ሴት የተቋረጠ መስሏት አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አየችው። አስተዳዳሪው ካቢኔው እንዳልተሰበሰበ ተናገሩ፤ መስከረም ትምህርት ይጀመራል፣ ግቢው ውስጥ የተተከለ ችግኝ አለ አሉ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ወደ ሰዉ ከፍ አድርጎ ያዘ። አባቴ ከጎኔ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልዩ ነበር።

"ክፈተው" አሉ አስተዳዳሪው በመጨረሻ። "እኔ ነኝ ያልኩህ።"

ሰዉ እልል አላለም። ወዲያው ወደ ቤቱ ሮጠ። ቀኑን ሙሉ እህል፣ ዶሮ፣ አልጋ፣ የበር ሳንቃ ሳይቀር ተሸከምን። አስቸጋሪው አባቴ ነበሩ። ሰሞነኛ ነኝ፣ ጾሙ እስኪፈታ የትም አልሄድም አሉ። ትምህርት ቤቱ ለደብሩ ከቤታቸው ይልቅ ቅርብ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። እህቴ ልጇን እንዳዘለች መጥታ ከፊታቸው ቆመች።

"እርስዎ ካልወጡ እኔም አልወጣም" አለቻቸው። "እኔ ካልወጣሁ ልጆቹም እዚሁ ናቸው።"

አባቴ የጸሎት መጽሐፋቸውንና ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። በሩን ሊዘጉ ሞክረው አልሆንላቸው አለ፤ ክፍት ትተውት ሄዱ።

መንደሩ የሄደው በዚያው ሳምንት፣ ከረፋዱ ላይ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ነበርኩ። እህቴ ደወለችና "ሄደ" አለችኝ። አባባ መሰሉኝ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ማን እንደሄደ ደጋግሜ ስጠይቃት "ቤቱ" አለች። "ሁሉም ቤት። ሰዉ ተርፏል።" አባባን አገናኚኝ አልኳት። ስልኩን ተቀብለው እንደ ሁልጊዜው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ።

የቆርቆሮ ጣሪያውን ሊያወርድ የተመለሰ አንድ ጎረቤታችን ግን ነበር። የጭቃው ጫፍ ደርሶበት ጭኑን ሰበረው። በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አወጡት፤ የወረዳው አምቡላንስ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አደረሰው። ሄጄ ስጠይቀው መሬቱ አልወደቀም አለኝ፤ ተነሥቶ እንደ ሰው ሄደ። ቤቱ ጣሪያው ሳይነቃነቅ እንደቆመ ሄዶ ነው ወደ ሸለቆው የገባው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ መንግሥት መጣ። የክልሉ ባለሙያዎች መንገድ ሲከፈት ደረሱ፤ ድንጋዮቹን በቀለም ምልክት አድርገው መሬቱ ገና እንዳልጨረሰ፣ ማንም ተመልሶ እንዳይሠራ ነገሩን። ድንኳንና እህል በዞኑ በኩል መጣ። ይህን ወረዳው ለብቻው ከየትም አያመጣውም ነበር። ስለ ሰፈሩ ግን ብዙ ወራት ወሰደ። በሜዳው ላይ ለትውልድ ከብት ያሰማሩ የማዶ ሰዎች ከብታችን የት ይግባ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ወረዳዎች ተነጋግረው መስማማት አቃታቸው፤ ሰዉ ሜዳው ላይ እንዲሰፍር የቆረጠው ክልሉ ነው።

ሊቀመንበሩ በመሃሉ ለግምገማ ቀርቦ ነበር። ከብቶቹ ችግኙን በልተውታል፣ ትምህርት ዘግይቶ ተጀምሯል፣ በሩ የተከፈተው ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ነው ተባለ። አስተዳዳሪው ተነሥተው "እኔ ነኝ ያልኩት" አሉ፤ ነገሩ በዚያው ቆመ። ይህን የነገረኝ ራሱ ሊቀመንበሩ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

አባቴ አሁን የሚያድሩት በአንዱ ወረዳ፣ የሚቀድሱት በሌላው ነው። የወሰኑን ዳገት በየጊዜው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የእህቴ የጤና መድን ከአሮጌው ወረዳ ወደ አዲሱ እስኪዛወር ጊዜ ስለወሰደ፣ ልጇ ያተኮሳት ቀን አጠገቧ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፋ ቁልቁል ወደ ድሮው ይዛት ወረደች። ልጅቷ ዳነች። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ ማን በየትኛው ወረዳ እንዳለ ከእኔ አብልጣ ታውቃለች።

ባለሙያዎቹ የቀቡት ቀለም ከሚቆምበት አለፍ ብሎ ጥቂት ቤቶች ቀርተው ነበር። የሊቀመንበሩም ቤት ከእነሱ አንዱ ነው። በዚህ ክረምት ከጓሮው በላይ ሣሩ ሲላቀቅ አይቶ ደወለልኝ። ስለ ማደሪያው ለወረዳው፣ ስለ መሬቱ በዞኑ በኩል ለክልሉ፣ ለየብቻ ጠይቅ አልኩት። አውቄዋለሁ አለኝ፤ ሁለቱንም ጠይቋል። ወረዳው ትምህርት ቤቱን በማግስቱ ፈቅዶለታል። ክልሉ ባለሙያ እልካለሁ ብሏል። እስካሁን አልመጡም፤ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው።