«ምን ተብሎ ተከሰሰ?»

አጎታችን ሰው መታሰሩን ሲሰሙ «ምን አደረገ?» አይሉም ነበር፤ «ምን ተብሎ ተከሰሰ?» ነበር የሚሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወልቂጤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል።

ወንድሜ ቡታጅራ መናኸሪያ በጠብ መሐል የገፋው ሰው ወድቆ ሞተ። ክሱ «ሆን ብሎ ገድሏል» የሚል ሆነ። ዘመድ ሁሉ «ይመንና ይቅለልለት» አለ፤ እኔም አልኩ። አጎታችን ብቻ ተቆጡ።

«መግፋቱን ይመን። ሊገድል አስቦ ነው የሚለውን ለምን ይሸከማል? አስቦ መግደልና በቸልተኝነት መግደል አንድ ነው እንዴ?»

በየቀጠሮው ከወልቂጤ በሚኒባስ ብቻቸውን ተመላለሱ። መንግሥት ያቆመለትን ጠበቃ ወተወቱ፤ ጠቡን ያዩ ሁለት ነጋዴዎችን ለምነው ለምስክርነት አመጡ። ፍርዱን ሳይሰሙ አረፉ። አንድ ቀን እንኳ ችሎት ያልተከተሏቸው ዘመዶች ለቅሶው ላይ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔም አብሬ።

በፍርዱ ቀን እሳቸው የሚቀመጡበት አግዳሚ ባዶ ነበር። ዳኛው ክሱን ወደ ቸልተኝነት ዝቅ አደረጉት፤ ወንድሜም የታሰረው ጊዜ ታስቦለት ተፈታ። መርዶውን ማንም አልነገረውም ነበር። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተሰብስበን ስንጠብቀው አንድ በአንድ አየንና «አጎቴስ?» አለኝ።

«ዐርፈዋል» አልኩት።

«ታዲያ እናንተ ለምን መጣችሁ?» አለ።