ጉርድ ፎቶ አንሺዋ ግቢ የወጣች ቀን

በሰፈሩ የተወራው እንዲህ ነው፦ ጉርድ ፎቶ አንሺዋ በምሳ ሰዓት ስቱዲዮው ውስጥ ወንድ ትደብቃለች። በሩን ትቆልፋለች፣ መጋረጃውን ትጥላለች፣ ከዚያ «አይዞህ፣ አትነቃነቅብኝ፣ አሁን እጨርሳለሁ» ስትል ይሰማል። ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ የሰማችውን፣ የራሷን ቅመም ጣል እያደረገችበት ለደንበኞቿ አከፋፈለችው። ወሬው አጎቷ ጋ ሲደርስ፣ ለተደበቀው ወንድ ሚስትና ሁለት ልጅ ተጨምረውለት ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ወንድ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነው፤ ያዋሰቻትም ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። ምን ታድርግ፣ ወሬው ከአሻንጉሊቱ በለጠባት።

ስቱዲዮው የአጎቷ ነው። መስኮት የለውም። ነጭ ግድግዳ፣ የሚሽከረከር በርጩማ፣ ግራና ቀኝ መብራት፣ አለቀ። አጎትየው ካሜራውን የሰጣት ማስተካከያዎቹን በሙሉ በፕላስተር ጠርንፎ ነው። «አንዴ ተስተካክሏል፣ ምን ያነካካሻል? ያንቺ ሥራ መጫን ነው» ይላታል። ስትጫን ኖረች። የሰፈሩ ሰው በእጇ አልፎ ስንት አገር ደርሷል፤ እሷ በርጩማው ፊት ቆማ ቀረች። ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲያጥራት በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጋ ትከፍታለች።

«ብርሃን ይገባል፣ ዝጊው!» ይላል አጎትየው።

ትዘጋዋለች።

እና በምሳ ሰዓት ፕላስተሩን ትልጣለች። አስተማሪ የላትም። የሌንሱን ቀዳዳ ስታሰፋው አሻንጉሊቱ ዱቄት የተነፋበት መሰለ፤ ስታጠብበው ከሰል ሆነ። የሌንሱን መዝጊያ፣ ሹተሩን፣ ስታዘገየው እጇ ተንቀጠቀጠና አሻንጉሊቱ ሁለት አፍንጫ አወጣ። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ አይኤስኦውን፣ ጣራ ስታደርሰው ደግሞ ፊቱ ላይ አሸዋ ተበተነ። ቀስ በቀስ ሦስቱን እንደተኳረፉ ወንድማማቾች ማስታረቅ ለመደች፤ ለአንዱ ስትጨምር ከሌላው ትቀንሳለች።

ወሬውን የሰማው አጎቷ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። አሻንጉሊቱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ነው ባልሽ?»

«ጋሼ፣ የውጪውን ሥራ ስጠኝ። ችያለሁ።»

የውጪውን ሥራ እስከዚያ ድረስ ራሱ የሚሠራውን አጎትየውን ጉልበቱ እያስቸገረው ስለነበር ትንሽ አሰበ። «የመጋዘን ሠራተኞች አለቃቸውን በጡረታ ሊሸኙ ነው። ግቢያቸው ውስጥ አብረው መነሳት ይፈልጋሉ። ሂጂ። ከወደዱት የውጪው ሥራ ያንቺ ነው። ካልወደዱት ይህን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።»

ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። የመጀመሪያው ፎቶ ካሜራው ላይ ባዶ ወረቀት መስሎ ታየ። አልደነገጠችም። ሹተሩን አፈጠነች፣ ቀዳዳውን አጠበበች፣ አይኤስኦውን አወረደች፤ የሠራተኞቹ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ቁልጭ አለ።

ሠራተኞቹ የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የኔ እህት፣ አለቃችንን ሲስቅ አንሺልን። ሲስቅ መጋዘኑ ይናወጣል።»

አንዱ ቀለደበት። አለቃውም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱን በሙሉ አውጥቶ ተንከተከተ። እሷ ካሜራውን ደቀነች። አፏ ግን በርጩማው ፊት እንደለመደው ከጣቷ ቀደማት፦

«አፍዎን ይግጠሙ። ቀና ይበሉ። ጆሮዎ ይታይ።»

ሽማግሌው ታዛዥ ሰው ነው፤ ገጠመ። የቀሩትም እሱን አይተው ግድግዳው ሥር ቀጥ ብለው ገጠሙ። ተጫነች። ያለችውን ያወቀችው ከተጫነች በኋላ ነው። «እስቲ እንደገና ይሳቁ» ብትል፣ ሽማግሌው በትህትና ከንፈሩን ወደ ጎን ሳብ አደረገላት። ሳቁ እንደሆነ ሄዷል።

በማግስቱ የመጋዘኑ ጸሐፊ ፎቶውን ሊያይ ስቱዲዮው መጣ። አጎትየው ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ብርሃኑ እንከን አይወጣለትም» አለ፣ ከልቡ።

«ብርሃኑስ ይሁን» አለ ጸሐፊው። «ግን ሁላችንም ቪዛ የተከለከልን ነው የምንመስለው። ደግሞ አለቃችን የታለ? ይሄኮ ወንድሙ ነው ቢሉኝ አምናለሁ።»

አጎትየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እንግዲህ ሰምተሻል» ብሎ ተራ የሚጠብቀውን ደንበኛ አስገባ። ደንበኛው በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ሳይነገረው አፉን ገጠመ።

እሷ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ጋሼ» አለች፣ «ሰው ሲስቅ ካሜራው ስንት ቁጥር ላይ ሆኖ ነው የሚነሳው?»

አጎትየው ለደንበኛው ማበጠሪያ እያቀበለ ነበር።