ዳርቱ ያዛጋች ቀን

ሚልኬሳን የማያውቅ የየካ ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው! እንጦጦ ግርጌ አጣና ይጭናል፤ ሚስቱ ዳርቱ እዚያው ትሸጣለች። ሲነታረኩ ውለው አብረው ወደ ቤት የሚወጡ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ክረምት የሚጭንበት አይሱዙ መኪና ላይ የተከመረው አጣና ተንዶ የቀኝ ባቱን ጨፈለቀው። ሐኪሞቹ እብጠቱ ደም ሥሩን እንዳያንቀው ባቱን ቀደዱለት፤ ጡንቻው ግን እየጠቆረ ሄደ። «ኦክስጅን በግፊት እንሞክር፤ ካልዳነ ይቆረጣል» አሉ። እኔም ጎረቤት ነኝና አብሬ ሄድኩ።

መሣሪያው አንድ ሰው የሚያስተኛ፣ ውስጡ የሚታይ ትልቅ ቱቦ ነው፤ ከውጭ ካለ ሰው ጋር የሚነጋገሩበት ስልክም አለው። ተዘግቶ ኦክስጅን ይታመቅበታል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ኦክስጅኑ ደም ውስጥ ይሟሟል፤ ሊሞት የደረሰው ጡንቻም ከዚያ ይቀምሳል። አቤት ጥበብ!

«እህቴ፣ ሬሳ ሣጥን ነው እንዴ?» አለ ሚልኬሳ።

«ሬሳ ሣጥን ስልክ የለውም፣ ጋሼ» አለች ነርሷ፣ ሲስተር ፊልሞና። «ጆሮዎ ሲደፈን ምራቅ ይዋጡ፣ ያዛጉ፤ አለዚያ ታምቡሩ ይቀደዳል።»

ቱቦው ውስጥ ተኝቶ ግፊቱ መጨመር ሲጀምር ሚልኬሳ ጆሮውን ይዞ ግድግዳውን ደበደበ። ሲስተር ግፊቱን ቀነሰችለት።

«ይዋጡ፣ ጋሼ!»

«አፌ ደርቋል፣ ምኑን ልዋጥ?»

«እሺ፣ ያዛጉ!»

«በትእዛዝ ይዛጋል እንዴ?»

እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ጆሮው እምቢ አለ። «ካልተከፈተለት ማስወጣቴ ነው» አለች ሲስተር በሐዘን። ከወጣ እግሩ እንደሚቆረጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ዳርቱ ፊቷን ቱቦው ላይ ለጠፈች። «ሚልኬ፣ እኔን እይ።» አፏን በእጇ ሳትጋርድ፣ በሰው ፊት፣ አዛጋች! የመጀመሪያው የማስመሰል ነበር። ሁለተኛው ግን የሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ካደረችባቸው ሌሊቶች የመጣ እውነተኛ ማዛጋት ነው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሚልኬሳ አገጭ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አፉ ቧ ብሎ ተከፈተ። እኔም አዛጋሁ፣ ሲስተርም!

«ጆሮዬ ጧ አለልኝ!» ሲል ጮኸ በስልኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለካ ይሄን ያህል ትወጅኛለሽ?»

«ዝም ብለህ ተንፍስ!»

ከዚያ ወዲህ እሱ በገባ ቁጥር እሷ ቱቦው አጠገብ ቆማ ስታዛጋለት ሰነበተች።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ጡንቻውን በመቆንጠጫ ነካ አደረገው። ጡንቻው ተኮማተረ፤ ቀይ ደምም ብቅ አለ፤ የሞተ ጡንቻ እንዲህ አያደርግም።

«ወይኔ!» አለ ሚልኬሳ።

ዳርቱ ዘላ ተነሣች። «አመመህ?»

«ክፉኛ!»

«ጌታ ይመስገን!» ብላ እግሩን አቅፋ አለቀሰች።