የኪነቱን ማጉያ የጠገኑት ጋሽ ኑሩ

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ኑሩ አርፈዋል። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መካነ ኢየሱስ ባለው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ራስጌያቸው ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሻቸው ተቋረጠ፤ በማግስቱም ቀበርናቸው። ከስማዳና ከጋይንት ለለቅሶ የመጣችሁ፣ ሳትመጡ የቀራችሁ፣ መጥታችሁም ዳር ቆማችሁ የተመለሳችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። በቀብሩ ላይ «እንዲህ ያለ ባለሙያ ከእንግዲህ አይገኝም» ሲባል ሰማሁ። በሕይወታቸው የነፈግናቸውን ቃል አፈር ከለበሱ በኋላ ስንቸራቸው አንጀቴ አረረ።

ሱቃቸው ከገበያው ጥግ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መብራት ስላልነበረን መበየጃ ብረታቸውን የሚያግሉት በከሰል ምድጃ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የስማዳ እናት ካሴት በመቀነታቸው ቋጥረው መጡ። ለውትድርና የተወሰደው ልጃቸው ድምፁን ቀድቶ ልኮላቸው ክሩ ተበጥሶ ነበር። ጋሽ ኑሩ ክሩን በትዕግሥት ቀጠሉት፣ በራሳቸው ቴፕ ከፈቱላቸውና ሱቁን ለሴትዮዋ ትተው ወጡ።

«ምነው ወጡ?» አልኳቸው።

«የእናትና የልጅ ወሬ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» አሉኝ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠርገው እስኪወጡ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ።

እኔ በደርግ ጊዜ የወረዳው የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። የጊታሩን ድምፅ የምናጎላበት ማጉያችን ከእኛ በፊት ብዙ እጅ ያየ፣ ቆዳው የተላላጠ አሮጌ ዕቃ ነበር። የደርግ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበት ዘመን፣ ለትልቅ ስብሰባ ስንዘጋጅ ድምፁ ጠፋ። ጀነሬተሩ ሲነሣ የማጉያው መብራት ይበራል፤ ጊታሩን ብመታው ግን ዝም። ከነጀነሬተሩ ተሸክመን ወደ ጋሽ ኑሩ ወሰድነው።

ጀርባውን ፈቱና ከመጨረሻው ክፍል ጀምረው ወደ መግቢያው እየተመለሱ በቀጭን ብረት ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። በነኩት ቁጥር ማጉያው ያጓራል። ከጊታሩ መሰኪያ ቀጥሎ ያለችው የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር ላይ ሲደርሱ ግን ጸጥ አለ።

«አየህ፣ ጉሮሮው ደህና ነው» አሉኝ። «የሞተው ጆሮው ነው። ከጊታርህ የምትመጣውን ትንሽ ድምፅ የሚቀበለው ይህ ነበር።»

ምትክ ትራንዚስተር በወረዳችን በእስቴ አይገኝም። ጋሽ ኑሩ ዘወትር ዜና የሚያዳምጡበትን የገዛ ራሳቸውን ሬዲዮ አወረዱና ከሆዱ አንዷን ነቅለው ማጉያው ላይ በየዱ። ጊታሬ ተናገረ። ቡድኑ ሁሉ አጨበጨበ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ከመሰኪያው ወደ ውስጥ የምትገባው ሽቦ ተቃጥላለች፤ ዝግጅታችንን ሊያይ የመጣውን የወረዳውን ካድሬ ጠርተው አሳዩት።

«የዚህ ሽቦ ዓይነት ከላዩ የመዳብ መረብ የለበሰ ነው። ከደብረ ታቦር ይምጣልኝ። ያለዚያ ይህ ጆሮ የማይገባውን ሁሉ ይሰማል።»

«ጓድ ኑሩ፣ ድምፅ ወጣ አይደል?» አለ ካድሬው። «ሽቦ ሽቦ ነው።» ከባትሪ መብራት የተረፈ ተራ ሽቦ አስገጠመና ሄደ። ይህን ሲል የቡድኑ አባላት በሙሉ ቆመን እንሰማ ነበር።

በስብሰባው ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። ከመድረኩ ጀርባ የመገናኛ ሬዲዮ የጫነ የጦር መኪና ቆሟል። ካድሬው መናገሪያ ማይክሮፎኑን በእኛው ማጉያ ላይ አሰክቶ «ጀግናው ሠራዊታችን ጠላትን ደምስሷል!» አለና ጭብጨባ ለመጠበቅ ዝም አለ። ያኔ ማጉያው በሌላ ሰው ድምፅ ተናገረ።

«ገባኝ… ከተማውን ለቃችኋል… ገባኝ… ቁስለኛ የሚጭን መኪና የላችሁም…»

የመኪናው ሬዲዮ ሠራተኛ ከግንባር የሚነገረውን እየደገመ ሲመልስ፣ ያች መረብ የሌላት ሽቦ ከአየር ላይ ለቅማው ኖሯል። ልጆቻቸውን ለጦር የሰጡ እናቶች እዚያው ሜዳ ላይ ደረታቸውን መቱ። ስብሰባው በዋይታ ተበተነ።

ወታደሮች ጋሽ ኑሩን ከሱቃቸው እየጎተቱ አወጧቸው። «ማጉያውን ከጠላት ሬዲዮ ጋር ያገናኘው ይህ ነው!» አለ ካድሬው።

«ድምፁ የራሳችሁ ወታደር ነው» አሉ ጋሽ ኑሩ። «እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠይቁት።» የጠየቀው የለም፤ በሰደፍ አፋቸውን መቷቸው።

እኔ ካሰሯቸው ሰዎች ዘንድ ሄጄ ስለ ሽቦው ተናገርኩ፤ በጥፊ ተመትቼ ተባረርኩ። ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ሲጠየቁ «አላየንም፣ አልሰማንም» አሉ። ስማችሁን አልጽፍም። አንዳንዶቻችሁ ረቡዕ ዕለት ቃሬዛውን ስትሻሙ አይቻችኋለሁ።

ከተወሰዱበት ከደብረ ታቦር እስር ቤት የወጡት መንግሥቱ ወድቆ፣ ጠባቂዎቹ ሸሽተው በሩ ሲከፈት ነው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩኝም። ሬዲዮ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «እጄ እምቢ አለኝ» እያሉ መለሱ። ኋላ የሚመጣም ጠፋ። እትዬ ዘይነባ በሚሸጡት ጨው ኖሩ።

ያ ካድሬ ዘመኑ ሲያልፍ ልብሱን ለውጦ ነጋዴ ሆነ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ከኮፍያው ሥር ፈገግ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ይመልሱለታል። አንድ ቀን ተናድጄ «እንዴት ይመልሱለታል?» አልኳቸው።

«ሰላምታ የአላህ ነው፤ አልከለክለውም» አሉኝ። «ቤቴ ግን አይገባም።»

ጋሽ ኑሩ፣ አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ያብራልዎ። እትዬ ዘይነባን አልተዋቸውም፤ ይህን ቃል እሰጥዎታለሁ። ስለ ከተማችን ግን የምልዎ የለኝም። ይቅርታ እንድትጠይቅዎ ብዙ ዘመን ጠበቅኩ፤ አልጠየቀችም። በስሟ እንዳልጠይቅዎ ደግሞ፣ አልላከችኝም። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ።