አይንኩት ያልኩት ቤት

ይህ የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በቅርስ ጥበቃ ሥራ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዛሬም ዝናብ ሲበረታ እማማ ዘውዴ ትዝ ይሉኛል።

የከተማዋ አሮጌ ቤቶች እንዳይጠፉ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። እየዞርኩ የምመዘግባቸው እኔ ነበርኩ። ከሁሉ የወደድኩት የእማማ ዘውዴን ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ነው። ሟች ባለቤታቸው አናጢ ነበሩ፤ የሰገነቱን መደገፊያ እንኳ በእጃቸው ነው የጠረቡት። ቤቱ ቅርስ መሆኑን ስነግራቸው ጉንጬን ሳሙኝ። «እሱ ይህን ሳይሰማ ሞተ» ብለው አለቀሱ።

ጥቂት ወራት ቆይተው ቢሮዬ መጡ። ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል። ቴፒ ያለው ልጃቸው አዲስ ቆርቆሮ ገዝቶ ልኮላቸዋል።

«ላስቀይረው ወይ ልጄ?»

መመሪያው ያለ ባለሙያ ምስማር እንኳ እንዳይመታ ይከለክላል።

«ባለሙያ ከላይ እስኪመጣ አይንኩት እማማ» አልኳቸው።

ባለሙያው አልመጣም። ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ መልስ የለም። እሳቸው በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ እኔም ያንኑ እደግማለሁ። ጎረቤቶቻቸው «ዝም ብለው ያስቀይሩት፣ ማን ያይዎታል?» ቢሏቸው፣ «የቅርሱን ቢሮ ልጅ አላስቀጣም» ብለው እምቢ አሉ። ውሃው የላይኛውን ግድግዳ እያራሰ ከረመ።

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሳሉ ግድግዳው ተደርምሶ ወደቀባቸው።

ሆስፒታል ስደርስ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ አልነካሁትም፤ ራሱ ነው የወደቀው። አለቆችህ ከተቆጡህ እኔ እመሰክርልሃለሁ» አሉኝ።

 ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ።

ልጃቸው ቴፒ ወሰዳቸው። ከአልጋ ሳይነሱ ዐረፉ። ለቅሶ ስደርስ አጠገቡ አስቀመጠኝ እንጂ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ምነው በሰደበኝ ብዬ ነበር።

ባለሙያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርስራሹን ፎቶ አንስቶ፣ ቤቱን ከመዝገብ እንድሰርዘው ነግሮኝ ሄደ። ሰረዝኩት።

አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። አሮጌ ቤት መጠበቅ አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግን ያን ቀን «ያስቀይሩት፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ማለት ይቻለኝ ነበር። እኔ ለእንጀራዬ ፈራሁ፤ እሳቸው እዚያ አልጋ ላይ ሆነው የፈሩት ለእኔ ነበር።