እርጥብ እንጨት የጫነ ቀን

በቀደም ልጄ እንጦጦ ፓርክ ይዛኝ ወጥታ ነበር። ደግፋኝ ከመኪናው ስታወርደኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ባህር ዛፍ ይቆርጣሉ። ከእግሬ በፊት ሽታው ደረሰ። የደረቀ ባህር ዛፍ ሽታው የዋህ ነው። ይሄኛው ገና ከመጋዙ የወጣው፣ ውኃው ያልደረቀው፣ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን የሚያስለቅሰው ነው። ልጄ ብርድ የመታኝ መስሏት ነጠላዬን ጎትታ አለበሰችኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ያቺ ሴትዮ አፈር ከሆነች ስንት ዘመኗ፣ ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣ ጥርሴን አፋጭባታለሁ።

ያቺ ሴትዮ የክርስትና እናቴ ነበረች። ከየካ ሚካኤል በታች ሰፊ ግቢ ነበራት፤ ከእንጦጦ የሚወርደውን እንጨት እዚያ አስቆልላ ትሸጣለች። አንቱ ልላት የሚገባ ሴት ናት፣ ፊት ለፊትም አንቱ ነበር የምላት። በልቤ ግን ከዚያ ነገር ወዲህ አንቱ ብያት አላውቅም፣ አሁን ስነግርህም አልላትም።

አባቴ ሾፌሯ ነበር። ከሌላ ሰው የገዛችው አሮጌ ፒክአፕ ነበራት፤ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣ ከኋላው የጭነት ካሶኒው በጣውላ የተጠገነ፣ ዳገት ሲወጣ የሚያቃስት። ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠረችም፣ የቤንዚኑን ጌጅ ማንበብ ግን ተምራለች። ይህቺን እውቀቷን እንደ ወርቅ ነበር የምትይዛት። አባቴ ጭኖ ወደ ግቢው ሲገባ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ አንገቷን በመስኮት አስገብታ መርፌዋን ታያለች። ከዚያ ቁልፉን ተቀብላ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች።

አንድ ቀን መርፌዋ ወድቃ ጠበቀቻት። ጠዋት የተሞላ ቤንዚን ማታ ባዶ! አባቴን ምንም አላለችውም። በነጋታው ጠዋት ቁልፉን አዙራ ብታይ መርፌዋ ተመልሳ ቆማለች። ሌላ ሰው ቢሆን ጌጁ ታሟል ይል ነበር። እሷ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "እንጦጦ ላይ ይሸጠዋል፤ እንደነቃሁበት ሲያውቅ ሌሊት ፈርቶ መለሰው" ብላ አወራች። ቁልፉ ከመቀነቷ ጋር እያደረ! መርፌዋ ጥቂት ቀን ደህና ትሰነብትና ደግሞ ትወድቃለች። በማግስቱ ትነሣለች።

አባቴ ያላደረገው የለም። ከመሪው ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች አጠበቀ፣ ፊውዙን ቀየረ፣ ግቢው ውስጥ ጭነቱ ከወረደ በኋላ ከሥር ገብቶ ተኝቶ አየ። ሁሉ ደህና ነው። ቀጭን እንጨት ነክሮ ቤንዚኑን ሊያሳያትም ሞክሮ ነበር፤ የሰልባትዮው፣ የቤንዚን መያዣው፣ አንገት ጠማማ ስለሆነ እንጨቱ መንገድ ላይ ቀረ። "ቤንዚኑ አለ እትዬ፣ ጌጁ ነው የታመመው" ሲላት፣ "መርፌ ምን አፍ አላትና ትዋሻለች!" አለችው።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የሚካኤል ደጀ ሰላም ላይ ሰዉ ሁሉ በቆመበት ያዘችው።

"ማል!" አለችው። "በሚካኤል ማልና ይለፍልህ።"

ሰው ዘወር ብሎ ይጠብቃል። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። እሷ ለእንጨት ዋጋ፣ ለሽንኩርት፣ ለዶሮ ሳይቀር ሚካኤልን የምትጠራ ሴት ናት። አባቴ ግን ከእናቱ የወረሰው ፍርሃት ነበረበት፤ መሐላ በእውነትም በሐሰትም ያው መሐላ ነው ባይ ነው። ቀና ብሎ፣ "ለቤንዚን ብዬ ሚካኤልን አልጠራም፣ እትዬ" አላት።

አለቀ። በእኛ ሰፈር ያልማለ ሰው የሰረቀ ሰው ነው። ንጹሕ ቢሆን ምን አስፈራው? አሉ። ከሥራ አላባረረችውም፣ ያን ዳገት የሚችል ሾፌር በዚያ ዋጋ አታገኝም። ያደረገችው የባሰ ነበር። አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ጽዋው ሲዞር እሱ ጋ ሲደርስ፣ "ያልማለ ጽዋ አይነካም" አለችና ጽዋው አልፎት ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። ይህን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። እሱ ቤት ገብቶ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። "በላህ ወይ አባባ?" ስለው፣ "ጠግቤያለሁ" አለኝ። ያቀረብኩለትን ግን እስከ ጥግ ጠርጎ በላው። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን በውስጤ የገባው ነገር ነው ዛሬም ያልወጣው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች የአባቴን ልብስ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካኪ ኮቱን ይዤ ቀበና ወንዝ እወርዳለሁ። አንዳንድ ሳምንት ኮቱ አቧራ ብቻ ነው፣ በአንድ እጥበት ይለቃል። አንዳንድ ሳምንት ግን ትከሻው ላይ ቡናማ እድፍ ይገኛል፤ የእርጥብ ባህር ዛፍ ውኃ ነው፣ በአመድ ብታሸው በሳሙና ብታሸው አይለቅም፣ ሽታውም ከእጅህ አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ያን እድፍ በድንጋይ ላይ እያሸሁ፣ ሴትዮዋን እየረገምኩ፣ እጄ ቆመ። ያ እድፍ ያለበት ሳምንት ሁልጊዜ እሷ የጮኸችበት ሳምንት ነው። ኮቱ አቧራ ብቻ በሆነበት ሳምንት ስለ ቤንዚን ያነሣ ሰው የለም።

እርጥብ እንጨት ከደረቁ እጥፍ ይከብዳል። ይህን የእንጨት ነጋዴ ሾፌር ልጅ ሆኖ የማያውቅ የለም።

በሳምንቱ ስለት አለብኝ ብዬ ከአባቴ ጋር እንጦጦ ወጣሁ። የጫነው እርጥብ ነበር። ቁልቁል ከመጀመራችን በፊት እንደ ልማዱ ወርዶ ማርያምን ሊሳለም ሄደ፤ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ከፒክአፑ ሥር ገባሁ። እዚያው ነበር። ከሰልባትዮው ወደ ጌጁ የሚሄደው ሽቦ ከካሶኒው ጣውላ ሥር ያልፋል። ጣውላው በጭነቱ ጎብጦ ሽቦውን ተጭኖታል፣ ጫፉም ከሰልባትዮው ራስ ላይ ተላቆ ወጥቷል። ጭነቱ ሲወርድ ጣውላው ይቃናል፣ ሽቦውም ተመልሶ ይነካል። አባቴ ሁልጊዜ የሚያየው ካራገፈ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜማ በሽተኛው ድኖ ተነሥቷል!

ለአባቴ ብነግረው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሽቦውን አጥብቆ፣ "ተመስገን" ብሎ፣ ዝም ይላል። እኔ ዝም እንዲባል አልፈለግሁም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ። የማኅበሩ ተራ እሷ ቤት እስኪደርስ ጠበቅሁ።

በሚካኤል ዕለት ግቢዋ ሞላ። ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በልተው ጠጥተው ደስ ብሏቸዋል። ፒክአፑ ባዶውን ዋርካው ሥር ቆሟል። ገብቼ ጉልበቷን ሳምኩ። እሷም መረቀችኝ። ከዚያ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እማማ፣ የመኪናዋ መርፌ ዋሽታ አታውቅም?" አልኳት።

"አታውቅም!"

"ይማሉልኛል?"

ሳቀች። መሐላ ለእሷ ምኗ ነው! "ያቺ መርፌ አንድ ቀን ከዋሸች፣ ሚካኤል ከጉልበቴ በታች ይያዘኝ!" አለች።

"እንግዲያው ቁልፉን ይፍቱ" አልኩ።

ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ቁልፉን አዞረች። "የት ናት?" አልኳት። "ከግማሽ በላይ" አለች። ዞሬ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ፤ አባቶቼ፣ ስለ ሚካኤል፣ አንድ ጊዜ ካሶኒው ላይ ውጡልኝ። ጠላው ረድቶኛል መሰለኝ እየሳቁ፣ እየተጎተቱ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። የንስሐ አባታችን ጭራቸውን እንደያዙ መሐል ቆሙ። ጣውላው ጮኸ። ፒክአፑ ከኋላው ዝቅ አለ።

"አሁንስ እማማ?"

አንገቷን ወደ መርፌዋ አስጠጋች። ሙሴው ከላይ ጎንበስ ብሎ፣ "ኧረ ይናገሩ!" አላት።

"እየወረደች ነው" አለች ቀስ ብላ። "ባዶ ገባች።"

"አሁን ውረዱልኝ" አልኳቸው። ወረዱ። መርፌዋ ቀስ እያለች ተነሣች። አንዱ "ሰውዬውን በከንቱ!" ሲል ሁሉም ተንጫጫ። እሷ ከጋቢናው አልወረደችም። ፊቷን አየሁት፣ ጠግቤ አየሁት። ደስ አለኝ። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽህ።

ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ጫጫታውን ሰምቶ ይሁን እኔን ፍለጋ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ሙሴው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እሱ ሄደ። አባቴ ጽዋውንም መርፌዋንም አላየ። እኔን ነው ያየኝ።

"አስማልሻት?" አለኝ።

በንጹሕ ልብሱ ከፒክአፑ ሥር ገብቶ ተኛና ሽቦውን አሰረው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሴትዮዋ ጉልበቷ ተያዘ። ድሮም ያማት ነበር፣ ሰፈሩ ግን መሐላው ነው አለ፣ እሷም አመነች። እኔም በልቤ እሰይ አልኩ። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ጠበል የሚያመላልሳት ማን መሰለህ? አባቴ ነው፣ በዚያው ፒክአፕ። ተሸክሞ ያወጣታል፣ ተሸክሞ ያወርዳታል። አንድ ጠዋት ደጋፊ ጠፍቶ እኔን ይዞኝ ወጣ። ከእሷ ጎን አልቀመጥም ብዬ ካሶኒው ላይ ወጣሁ። ጭጋጉ ከዛፎቹ ገና አልተነሣም፣ ጣውላው የእርጥብ እንጨት ሽታ ይሸታል። የጋቢናው የኋላ መስኮት መስተዋት ስላልነበረው የሚነጋገሩት ይሰማኛል።

"ልጅህ ገደለችኝ" አለችው።

አባቴ ማርሽ ቀየረ። ዳገቱን ትንሽ እንደወጣን፣ "የእርስዎም ልጅ ናት፣ እትዬ" አላት።

የመጨረሻው ኩርባ ላይ መኪናው ቆመ፤ በሩ ተከፈተና የእሷን ድምፅ ሰማሁ፣ የታመመ ድምፅ ነው። "ብርድ ነው፤ ነይ ወደ ውስጥ ግቢ፣ ልጄ" አለችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ቦታ ስትለቅልኝ በመስኮቱ አየኋት።

አልበረደኝም አልኳት። በርዶኝ ነበር።